ከሌላው ጫፍ ያልተፈተነ መስመር

ቁጣን የወረስኩት ከአባቴ ነው፤ እሱም የሞተው ከጎረቤት ጋር በአጥር ሲጨቃጨቅ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ይሄ ሰውዬ ምን ዓይነት ድንጋይ ነው?» ብላችሁ እንዳትደነግጡ ነው። ብትሉም እውነታችሁን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ቴክኒሻን ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ነገርን በሰዓትና በተራ መናገር እዚያ ለምጃለሁና በተራው ልናገር።

ቤቴ ኮሪደር ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ስክሪን የለውም፤ ሌት ተቀን እንደ ድመት እያንኮራፋ ይሠራል። ሊነክስ የሚባለውን ሲስተም ጭነን የቤት ሰርቨር (የጋራ ማከማቻ) ያደረግነው ከልጄ ጋር ነው፣ እናቷ በሞተችብን ዓመት። የባለቤቴ ፎቶዎች በሦስት ስልክና በሁለት ካሜራ ተበታትነው ነበር። ልጄ «አባዬ፣ አንድ ቦታ እንሰብስባቸው፤ የትም ሆነን የምንከፍተው ቦታ» አለችኝ። ካቻቢቴውን እኔ ያዝኩ፣ ትእዛዙን እሷ ጻፈች። ማሽኑ ስሟን ሲጠይቃት «ተረኛ» ብላ አስገባች። በልጅነቷ ማዞሪያ ጣቢያ ስወስዳት የተረኛው ወንበር ላይ ወጥታ አልወርድም ስለምትል ያወጣሁላት ስም ነው፤ በቤታችን ከዋናው ስሟ ይልቅ የምትጠራው በዚሁ ነበር።

ከሩቅ ሆና ለመግባት ፓስወርድ አያስፈልጋትም። የራሷ ቁልፍ አላት፤ ቁልፍ ስል ረጅም የፊደል ክምር ማለቴ ነው፣ ግማሹ እሷ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ግማሹ ሰርቨሩ ውስጥ። ሁለቱ ሲገጥሙ በሩ ይከፈታል። ያንን ቁልፍ እዚሁ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጣ ስትሠራው ሻይ እያቀረብኩላት ነበር።

ማዞሪያ ጣቢያ አንድ ሕግ ነበረን። ፈረቃህን ስትጨርስ ያየኸውን፣ የሠራኸውን፣ ያልጨረስከውን በርክክብ መዝገቡ ላይ ትጽፋለህ። የሚተካህ ሰው አንብቦ ከሥሩ «አይቻለሁ» ይልና ሰዓቱን ያሰፍራል። ያቺ ቃል ካልተጻፈች ቤትህ ቢቃጠል እንኳ ንቅንቅ የለም። ለሰርቨሩም እዚያው ውስጥ አንድ የጽሑፍ ፋይል ከፍተን «ርክክብ» አልነው። ዓርብ ዓርብ ከአሥር ሰዓት በፊት እኔ እጽፋለሁ፤ አሥር ሰዓት ላይ እሷ «አይቻለሁ» ትላለች። እየተሳሳቅን የምናደርገው የአባትና የልጅ ጨዋታ ነበር።

ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው መጣ።

ምን ልበላችሁ፣ ልጄ ላገባው ነው ያለችው ሰውዬ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ዳቦ መጋገሩ ነው። እኔ ደግሞ ለኢንጂነርነት ያበቃኋት ልጅ፣ እናቷ በሕይወት ብትኖር፣ ሰው ምን ይላል፣ ይሄን ይሄን ሳወርድ ዋልኩ። «ዱቄት ለለበሰ ሰው ነው ያስተማርኩሽ?» አልኳት። ዝም ስትልብኝ ባሰብኝና «በዚህ በር ከወጣሽ ሁለተኛ እንዳትረግጪው! ስልኬ ላይም ስምሽን እንዳላይ!» አልኩ። ሻንጣዋን አነሳችና «ቃልህን ይዣለሁ፣ አባዬ» አለችኝ። በሩን እንኳ አላላተመችም፣ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እኔማ ቅቤውንም አልፈለግኩም። በዚያው ንዴት ቁጥሯን ከስልኬ አጠፋሁ።

ልጄ እልኸኛ ናት። እልኹን ከማን አመጣችው? ከጎረቤት አይደለም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ዓርብ ሲሆን እጄ ለምዶበት «ርክክብ»ን ከፍቼ፣ «ዲስኩ ግማሽ ሞልቷል። አቧራ ተጠርጓል» ብዬ ጻፍኩ። ለማን እንደምጽፍ እኔም አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ስከፍተው ከሥሩ «አይቻለሁ። 10:01» ይላል። ወንበሩ ላይ እንዳለሁ አለቀስኩ። አዎ፣ እኔ።

እንዲህ ሆነን ሦስት ዓመት ኖርን። አልደወለችም፣ አልደወልኩም፤ ግን ዓርብ አልቀረም። እኔም ቀስ በቀስ ስለ ዲስክ መጻፉን ተውኩና ሌላ ሌላውን በሥራ ቋንቋ አስመስዬ መጻፍ ጀመርኩ። «የጓሮው ቧንቧ ተጠግኗል። የግራ ጉልበት አሁንም ይጮኻል።» አይቻለሁ። «እትዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ስለከበዳት ከስፌት መኪናዋ ጋር እኔ ዘንድ ገብታለች። ሰላም ጠፍቷል።» (ታላቅ እህቴ ናት፣ ልብስ ሰፊ።) አይቻለሁ። «የእናትሽ ጽጌረዳ አበበ።» ያን ቀን ሰዓቱን ሳትጽፍ ነው የወጣችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከልጄ የሰማሁት አንዲት ቃል ነው፤ በዚያች ቃል ግን በሕይወት እንዳለች፣ ዓርብን እንደማትረሳ፣ አባት እንዳላት እንደምታውቅ አውቅ ነበር። ከዚያ በላይ ለመጠየቅ አፈርኩ።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። የዛሬ አሥራ አንድ ሳምንት፣ ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ቆርጫለሁ። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ሄዷል፣ ልቤም አንዳንዴ ድው ድው ይላል። እስከ መቼ ነው? አልኩ። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ «ርክክብ»ን ከፍቼ ጻፍኩ፦

«የበሩ ቁልፍ አልተቀየረም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰውዬሽንም ይዘሽ ነይ።»

ይህችን ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ጽፌ ስጨርስ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። ሰርቨሩ በከፈትኩት ቁጥር አፕዴት አድርገኝ፣ አፕዴት አድርገኝ እያለ ከነዘነዘኝ ዓመት አልፎታል። ማዞሪያ ጣቢያ ሳለን ትልቅ ጥሪ ከመምጣቱ በፊት መስመሩ ይጸዳል፤ ይህ የአባቶቻችን ሕግ ነው። የሕይወቴ ትልቁ ጥሪ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ሊመጣ ነው። በዛሬው ቀን ማሽኑ ቢንተፋተፍስ? ባይከፈትላትስ? ብዬ አፕዴቱን ጀመርኩ። አራት መቶ ምናምን ነገር አወረደ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ጨርሶ፣ ጠፍቶ ተነሳ። ከራሴ ኮምፒውተር ገባሁ፤ ፎቶዎቹ አሉ፣ ፋይሉ አለ፣ ጽሑፌም አለ። እጄን አፋትጌ «ተሳክቷል» አልኩ። ሸሚዝ ሁሉ ቀየርኩ እኮ! ለፋይል ሸሚዝ የሚቀይር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ተኩል። አሥራ አንድ። ከሥሩ ምንም የለም።

ቅዳሜም የለም። እሑድም የለም። በሚቀጥለው ዓርብ «ዝናብ ነበር» ብዬ ጻፍኩ፣ ምንም። በሚቀጥለውም ምንም። ነገሩ ገባኝ አልኩ፤ ክብሬን አውርጄ ነይ ብላት ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሦስት ዓመት አይቻለሁ ስትል የኖረችው ለካ እኔ እስክንበረከክ ነው። እሰይ! ተንበረከክሁልሽ፣ ደስ ይበልሽ! በአምስተኛው ዓርብ «ከእንግዲህ ርክክብ የለም» ብዬ ዘጋሁት። እልኽ ምላጭ ያስውጣል፤ እኔም ዋጥኩ።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ነገር ነበር፤ አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። እትዬ የልብስ ንድፎቿን የምታስቀምጠው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ በአሮጌ ታብሌቷ ትከፍትና እያየች ትቆርጣለች። ከአፕዴቱ ማግስት ጀምሮ «አንተ ልጅ፣ ፎልደሩ አይከፈትልኝም» ትለኛለች። ለእሷ እስከ ዛሬ ልጅ ነኝ። «ታብሌትሽ እንደ አንቺ አርጅቶ ነው፣ እትዬ» እላታለሁ። «እኔ ካረጀሁ አንተ ምን ልትባል ነው? ፀጉርህ እኮ ከሸሸ ቆየ!» ትለኛለች። ተሳሳቅን፣ ተሰዳደብን፣ አለፈ። እሷም በወረቀት መሥራት ጀመረች። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ግን፣ ባለፈው ማክሰኞ፣ አንድ የሠርግ ልብስ በስህተት ቆርጣ መቀሱን ወረወረችው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መስመር ጠገንኩ እያልክ ትፎክራለህ! የቤትህን መስመር ከኮሪደር እስከ ጓዳ ማድረስ አቃተህ?» አለችኝ።

ይህ ነካኝ። ወንበር ጎትቼ ተቀመጥኩ።

በተራው ፈተሽኩ። ገመዱ ደህና ነው። ዲስኩ አልሞላም። ፎልደሩን የሚያጋራው አገልግሎት አልቆመም። ከእኔ ኮምፒውተር ይከፈታል፣ ከእትዬ ታብሌት አይከፈትም። እንግዲያው ታብሌቱ ሲያንኳኳ ሰርቨሩ ምን እንደሚመልስለት ልይ ብዬ የመግቢያ መዝገቡን ከፈትኩት፤ ማን መቼ በሩን እንዳንኳኳ፣ ማን እንደገባ፣ ማን እንደተመለሰ መስመር በመስመር የሚጽፍበት ነው። ታብሌቱ ወዲያው ተገኘ። አሮጌ ስለሆነ የሚያውቀው የድሮውን አነጋገር ነው፤ አፕዴቱ ደግሞ የድሮውን አነጋገር አልሰማም ብሏል። «አገኘሁት፣ እትዬ!» ብዬ ጮኽኩ። መቼ እንደጀመረ ለማየት ወደ ኋላ ስመልሰው ሌላ ስም አየሁ።

ተረኛ።

እንግሊዝኛው ሲፈታ ይህን ይላል፦ ተረኛ ለመግባት ጠየቀች፤ የቁልፏ ዓይነት ተቀባይነት የለውም፤ ግንኙነቱ ተዘግቷል። ቀኑ ዓርብ ነው። ያ ዓርብ። ሰዓቱ አሥር ሰዓት ከሁለት ደቂቃ።

መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ መልሼ አደረግኩት። አሥር ከሁለት። አሥር ከሦስት። አሥር ከሰባት። በሚቀጥለው ዓርብ አራት ጊዜ። በሚቀጥለው ስድስት። አንድም ዓርብ አልቀረችም። ሰባት ዓርብ ሙሉ መጥታ አንኳኩታለች፣ ሰባቱንም እኔው ያጸዳሁት መስመር አባሯታል። ቁልፏ የሰባት ዓመት ቁልፍ ነው፤ አዲሱ ሊነክስ እንዲህ ያለውን ዓይነት ያረጀ ነው ብሎ አይቀበልም። ለእሷ ስክሪን ላይ የሚወጣው «አልተፈቀደም» የሚል ብቻ ነው። ማን እንዳልፈቀደ አይናገርም። በሩን ዘጋው ብላ ታዲያ እሷ ማንን ትጠርጥር? የምታውቀው በር ዘጊ አንድ ሰው ነው።

«ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ» አለች እትዬ።

«ነይ ያልኳትን አላየችውም» አልኩ። «አላየችውም፣ እትዬ። ጻፍኩና መስመሩን ቆረጥኩት።»

በማዞሪያ ጣቢያ መስመር ነክተህ ስትጨርስ ከራስህ ጫፍ ብቻ ፈትነህ አትነሳም። ወደ ሌላው ጫፍ ትደውልና «ይሰማል?» ትላለህ። እዚያ ያለው ሰው «ይሰማል» ካላለ ሥራው አላለቀም። የመጀመሪያ ቀን የሚያስተምሩህ ይህንን ነው። ስንቱን ጀማሪ በዚህ ስገላምጥ ኖሬያለሁ! እኔ ግን ከራሴ ወንበር ሆኜ ፈተንኩና ተሳክቷል አልኩ። ከሌላው ጫፍ ለመፈተን ለልጄ መደወል ነበረብኛ። አንዲት ስልክ። እሷ አቃተችኝ።

መዝገቡ ግን አላለቀም ነበር። ከሰባተኛው ዓርብ በኋላ፣ በማክሰኞ፣ ሙከራ አለ። ልጄ በማክሰኞ መጥታ አታውቅም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ቆጠርኩት፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። አንዳንዱ በደቂቃ ልዩነት፣ አንዳንዱ በሰዓት። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አንኳኩታ፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አልተመለሰችም።

ማስተካከያው የአንዲት መስመር ሥራ ነው። የድሮውንም ዓይነት ቁልፍ ተቀበል የሚል ትእዛዝ ጽፌ አገልግሎቱን አስነሳሁት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

«በዚያ ማክሰኞ ምን ሆና ነው?» አልኩ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ደውልላት እንጂ!»

«ቁጥሯ የለኝም።»

«እኔ ዘንድ ያለው ከተቀየረ ሁለት ዓመት ሆኖታል» አለችና እትዬ ትንሽ አሰበች። ከዚያ የዳቦ ቤቱን ስም ጠይቃኝ (አውቀዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ) ስልኩን ፈልጋ አገኘችው። ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው። ከወዲያ ማሽን ሲፈጭ ይሰማል። ራሱ አነሳው።

እትዬ ማን እንደሆነች ነገረችው። ማሽኑን አጠፋው መሰለኝ፣ መፍጨቱ ቆመ።

«ደህና ነዎት?» አላት።

«እኛ ደህና ነን፣ ልጄ። እሷ ደህና ናት ወይ? የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ወደዚህ ኮምፒውተር ልትገባ ሞክራ ነበር፤ ዛሬ ነው ያየነው።»

ቀስ ብሎ፣ ምንም ቁጣ ሳይኖርበት፣ እንዲህ አለ፦ «ማክሰኞ ልጃችንን የቀበርንበት ቀን ነው።»

እትዬ አፏን ያዘች።

«ወንድ ነበር። ጊዜው ሳይደርስ ተወለደ። ዘጠኝ ቀን ቆየ» አለ። «ማርገዟንም በዚያች በምትጽፉባት ፋይል ላይ ለአባቷ ልትጽፍ ነበር። ይህን ዓርብ፣ ያን ዓርብ ስትል በሩ ተዘጋባት። እኔ በስልክ ልደውልላቸው ብያት ነበር፤ 'እንዳላይ ብሎኛል፣ ቃሉን ይዣለሁ' አለችኝ። በዚያ ጠዋት ግን ልብሷን ለብሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ አልነሳም አለች። አንድ መስመር ብቻ ልጻፍለት፣ አያት ሆኖ ነበር፣ ማወቅ አለበት ትላለች። ሰዎቹ ሁሉ እየጠበቋት። ኋላ እኔው ነኝ እጇን ይዤ ያስነሳኋት።»

አያት ሆኜ ነበር። ዘጠኝ ቀን አያት ሆኜ፣ በዘጠኙም ቀን እዚህ ተቀምጬ ልጄን ሳማ ነበር። ከዚያ በኋላ እትዬ ምን እንዳለችው፣ እንዴት እንደዘጋች አላስታውስም።

በማግስቱ ሁለት ወረቀት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ አሳተምኩ። አንዱ «ርክክብ» ነው፤ ነይ ያልኩበት፣ ቀኑና ሰዓቱ ያለበት። ሁለተኛው የመግቢያ መዝገቡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም አንድ ሆኜ ሁለቱን ነኝ። አውቶቡስ ውስጥ አምስት ሰዓት ሙሉ ወረቀቶቹን ጭኔ ላይ ይዤ ሄድኩ። የምናገረውን አሥር ጊዜ አሰናዳሁ፣ አሥር ጊዜ ጠፋኝ።

ዳቦ ቤቱ ማዕዘን ላይ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ክንዱ የእኔን ጭን ያክላል፣ ዓይኑ ግን የልጅ ዓይን ነው። እጁን በሽርጡ ጠርጎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ደህና መጡ፣ አባባ» አለኝ። አባባ! የሰደብኩት ሰው። «ነፍስ ይማር» አልኩት፤ «እግዜር ያጽናህ» አልኩት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። በጓሮ በኩል ወዳለው ክፍል መራኝና «መጥተዋል» ብሎ ጠራት።

ወጣች። ከስታለች። የባሏን ሹራብ ነው የለበሰችው፣ እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኗል። አላቀፈችኝም፣ እኔም አልደፈርኩም። ወረቀቶቹን ዘረጋሁላት፤ ልመና እንደሚያቀርብ ሰው።

የመጀመሪያውን አነበበች። እንደገና አነበበች። ሁለተኛውን ከጎኑ አድርጋ በጣቷ እየተከተለች ሰዓቶቹን አስተያየች፤ ስምንት ከሃያ፣ ዘጠኝ ተኩል፣ አሥር ከሁለት። ይህን ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«አፕዴት አደረግከው» አለች።

«አዎ። እንዳይበላሽብሽ ብዬ።»

«ከዚያ ከሌላው ጫፍ ሳትፈትን ተነሳህ?»

«ተነሳሁ» አልኩ።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ነህ ያስተማርከኝ» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «አንድ ጊዜ ብትደውል። ይሰማል ወይ ብትል። ሌላ ምንም ሳትል፣ ይሰማል ወይ ብቻ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ጥሎኛል ብዬ... ልጄን ይዤ እንኳ ጥሎኛል ብዬ ነበር የማስበው።»

«ምላሴን በቆረጠው» አልኩ። «ይቅር በይኝ አልልሽም። አያቱ ነበርኩ፣ ሳላየው ቀረሁ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ወረቀቶቹን አጠፈቻቸውና እጅጌዋ ውስጥ ያዘቻቸው። «ደህና ግባ፣ አባዬ» አለችኝና ወደ ውስጥ ገባች። በሩን እንደዚያን ጊዜው ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ዳቦ ጋጋሪው እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። «ጊዜ ይስጧት» አለኝ። ለመንገድ ብሎ በወረቀት የጠቀለለ ትኩስ ዳቦ አስያዘኝ። አልበላሁትም፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጭኔ ላይ ይዤው ተመለስኩ።

ይህ የሆነው ረቡዕ አይደል? ሐሙስ ምንም አልሠራሁም። እትዬም ለአንድ ቀን እንኳ አልሰደበችኝም፤ ያ ራሱ አስፈራኝ። ዓርብ ከምሳ በኋላ «ርክክብ»ን ከፈትኩ። «ከእንግዲህ ርክክብ የለም» የምትለዋን መስመር ላጠፋት አሰብኩና ተውኳት። በመዝገብ የተጻፈ አይፋቅም፤ ከሥሩ እርማት ይጻፋል። ከሥሩ «ከላይ ያለው ስህተት ነው። መስመሩ ተስተካክሏል። ከሌላው ጫፍ ግን አልተፈተነም» ብዬ ጻፍኩና ቁጭ አልኩ።

አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ከአምስት። እትዬ መኪናዋን አቁማ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። የመግቢያ መዝገቡን ስክሪኑ ላይ ከፍቼ መስመር በመስመር አያለሁ። አሥር ከዘጠኝ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፦ ተረኛ፣ ቁልፏ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ገብታለች።

«ገባች!» አለች እትዬ፣ ትከሻዬን ጨምድዳ።

«ርክክብ»ን ከፈትኩት። ምንም አልጻፈችም። እንደገና ከፈትኩት፤ ምንም። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ወጣች። ኋላ ነው ያየሁት፤ የእናቷ ፎቶዎች ባሉበት ፎልደር ውስጥ አንድ አዲስ ፋይል አለ። ስሙ ዘጠኝ ቀን የሚራራቁ ሁለት ቀኖች ነው።

ከፈትኩት። የሕፃኑ ፎቶ ነው። ልጁ በጣም ትንሽ ነው። የዳቦ ጋጋሪውን አውራ ጣት በሙሉ መዳፉ ይዟል፤ ጣቱ ጥፍር ሥር ነጭ ዱቄት አለ። ዓይኑን ጨፍኗል። ግንባሩን ደግሞ ቋጥሮታል፤ ከመላው ዓለም ጋር የተጣላ ይመስላል። ያ ቋጠሮ የአባቴ ነው። የእኔ ነው።

«ውይ፣ አንተን ቁርጥ!» አለች እትዬ፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

ስንት ደቂቃ እንዳየሁት አላውቅም። ልጄ አንድ ቃል እንኳ አልጨመረችበትም፤ ይቅር አልኩህም አላለች፣ ናም አላለች። ያየችውን አስረክባኝ ነው የሄደችው። ተረኛው እኔ ነኝ። ወደ «ርክክብ» ተመልሼ ጣቴን ቁልፎቹ ላይ አደረግኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፍኳት ቃል ናት፣ ፊደሏ ጠፋኝ። እትዬ «ጻፍላት እንጂ፣ አንተ ልጅ፣ እየጠበቀች ይሆናል» አለችኝ።

አይቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። ሰዓቱንም ከጎኑ አደረግኩ።